ፋብሪካው በርሜል መሥራት ካቆመ በኋላ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። ዛሬ ብቻዬን የማወጋችሁ፣ አንድ አሮጌ ፋብሪካ የስፖርትና የዝግጅት ማዕከል ይሁን ሲባል አስቀድሞ ማንን ማየት እንደሚገባ ነው። ለዚህም በብራዚል፣ በሳኦ ፓውሎ ከተማ የሚገኘውን ሴስክ ፖምፔያን መርጫለሁ።

ቦታው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ የተሠራ የበርሜል ፋብሪካ ሲሆን፣ በኋላ ማቀዝቀዣ ተመርቶበታል። ለንግድ ሠራተኞች ማኅበራዊ አገልግሎት የሚሰጠው ሴስክ ግቢውን ከገዛው በኋላ፣ በጣሊያን የተወለደችው አርክቴክት ሊና ቦ ባርዲ ቦታውን ልታይ ሄደች። በአንድ የቅዳሜ ጉብኝቷ ያገኘችው ግን ጭር ያለ ግቢ አልነበረም፤ ወጣቶች በተሸነቆረው ጣሪያ በሚወርደው ዝናብ ሥር፣ ውኃው ላይ ኳስ እየተራገጡ ይሳሳቃሉ፣ እናቶች በር ላይ ሥጋ ይጠብሳሉ፣ ሕፃናት የአሻንጉሊት ቴአትር ከበው ያያሉ። ለእኔ የሥራው ዋና ውሳኔ የተወሰነው በዚያች ሰዓት ነው፤ ሰፈሩ ግቢውን ለምን እንደሚፈልገው በተግባር አሳይቶ ጨርሷልና፣ ለአርክቴክቷ የቀረው ያንን ሳያጠፉ ማመቻቸት ብቻ ነበር።

ስለዚህም የጡብ አዳራሾቹ አልፈረሱም። የግድግዳው ልስን ተፍቆ ጡቡና ኮንክሪቱ እንዲታይ ተደረገ፤ በውስጣቸውም ቤተ መጻሕፍት፣ የእጅ ሥራ ክፍሎች፣ ምግብ ቤትና ቴአትር ገቡ፣ ይህም ክፍል በ1982 ተከፈተ። የቴአትሩ ወንበሮች ትራስ የሌላቸው ጠንካራ እንጨት ናቸው፤ ብዙ ሰው አማርሮባቸዋል፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ለሁለት ሰዓት ዝግጅት የምመርጣቸው አይደሉም።

ስፖርቱ ሌላ ጣጣ ነበረው። ለአዲስ ግንባታ በቀረው መሬት መካከል የተቀበረ ጅረት ስለሚያልፍ፣ በላዩ ላይ ሕንፃ ማቆም አይቻልም። ሊና ጅረቱን ሳትነካ ከግራና ከቀኝ ሁለት የኮንክሪት ማማዎች አቁማ በአየር ላይ በተዘረጉ መተላለፊያ ድልድዮች አገናኘቻቸው፣ ከበታቹም ሰው ፀሐይ የሚሞቅበትን የእንጨት ወለል አነጠፈች። በትልቁ ማማ ውስጥ መዋኛውና ተደራርበው የተሠሩት ሜዳዎች፣ በትንሹ ደግሞ የልብስ መቀየሪያ ክፍሎቹ ይገኛሉ፤ ስለዚህ ለመጫወት የመጣ ሰው በአንዱ ማማ ልብሱን ቀይሮ፣ ማሊያውን እንደለበሰ ነፋስ እየመታው ወደ ሌላው ይሻገራል። የሜዳዎቹ መስኮቶች መስታወት የላቸውም፤ ዋሻ የሚመስሉ ቅርጸ ቢስ ቀዳዳዎች ሲሆኑ፣ የሚዘጉት በቀይ የእንጨት ርብራብ ነው። ከጎናቸው የቆመው 70 ሜትር የውኃ ማማ የጥንቱን የፋብሪካ ጭስ ማውጫ እንዲያስታውስ የታሰበ ነው፤ እያንዳንዱ አንድ ሜትር ቀለበት በሌላው ላይ ሲፈስስ ከመጋጠሚያው የተረፈው ኮንክሪት ሳይጠረግ ስለቀረ፣ ዙሪያው ጥልፍ የተጠለፈ ይመስላል። ማማዎቹ በ1986 አገልግሎት ጀመሩ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገዛኝ ግን ሜዳዎቹ ሆን ተብሎ ለይፋዊ ውድድር ሳይሆን ለጨዋታ መሠራታቸው ነው። እኛም ዘንድ ፋብሪካና ኳስ ባዳ አይደሉም፤ የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና የወሰደ የፋብሪካ ቡድን ነበር። ያ ኩራት ተገቢ ነው፤ ሆኖም ዋንጫ የሚያነሣው የተመረጠው ቡድን ሲሆን፣ ፖምፔያ የታሰበው ኳስ አበጥሮ ለማያውቀው ሰው ጭምር ነው። አንድ የከተማ አስተዳደር የተዘጋ ፋብሪካውን ወደ ስታዲየም ለመለወጥ ሲነሣ የተመልካች ወንበር ከመቁጠሩ በፊት ይህን ልዩነት ቢያጤነው እወዳለሁ።

እርግጥ ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። ሴስክ የሚተዳደረው የንግድ ድርጅቶች ከደመወዝ ክፍያቸው 1.5 በመቶ አስልተው በሚያዋጡት የግዴታ መዋጮ ስለሆነ፣ አዳራሾቹን ለሱቅ አከራይቶ ወጪውን ለመሸፈን አይገደድም። ይህን የመሰለ ቋሚ ምንጭ በሌለበት አገር፣ ያንኑ ጡብና ያንኑ ድልድይ መቅዳት ብቻውን የትም አያደርስም።