ጣውላውን ከጎኑ እዩት፦ ስለ ኢንጂነርድ የእንጨት ወለል የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ዛሬ ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከእንጅባራና ከፍኖተ ሰላም ደውላችኋል። አብዛኞቻችሁ ወለሉ ላይ የደረሳችሁት ብሩ ተሟጥጦ ነው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ የሚያስወጣ ስህተት እንዳትሠሩ የማውቀውን ልንገራችሁ።

«አንዱ ሻጭ ኢንጂነርድ ነው ይለኛል። ሌላው ላሚኔት ነው ይላል። እኔ ሳየው ሁለቱም እንጨት ነው። በምን ልለየው?» (አንዲት እናት፣ ከደብረ ማርቆስ)

እናቴ፣ አንድ ጣውላ ያንሱና ጎኑን ወደ ብርሃን አዙረው ይዩት። ኢንጂነርድ ከሆነ ከላይ ስስ ግን እውነተኛ እንጨት አለው። ከሥሩ ብዙውን ጊዜ ኮምፔንሳቶ ነው፣ ማለትም እርስ በርስ የተጣበቁ ስስ የእንጨት ንብርብሮች። የአንዱ ንብርብር መስመር ወደ ርዝመቱ ከሄደ፣ የቀጣዩ ወደ ወርዱ ይሄዳል። ጥቅሙ ትልቅ ነው። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ የሚያብጠው ወደ ወርዱ ነው፤ በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም። ንብርብሩ ሲጠላለፍ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል። ክረምትና በጋውን ከአንድ ወጥ ጣውላ ይልቅ የሚችለው ለዚህ ነው።

ላሚኔት ግን ከላይ ያለው የእንጨት ፎቶ የታተመበት ወረቀት ነው፤ በላዩ ጠንካራ ሽፋን አለው። ሥሩ ኤችዲኤፍ ነው፣ ማለትም የታመቀ የእንጨት ብናኝ። ሥሩ ኤችዲኤፍ የሆነ ኢንጂነርድም ስላለ ዋናው ምልክት የላይኛው ንብርብር ነው። ከተጠራጠሩ ሁለት ካርቶን አስከፍተው ጣውላዎቹን ጎን ለጎን ያስደርድሩ። ያው የቅርንጫፍ ጠባሳ እዚህም እዚያም ቁርጥ እሱኑ መስሎ ከመጣ ፎቶ ነው። ላሚኔት መጥፎ ነው አልልም። በላሚኔት ዋጋ ይግዙት ነው የምለው።

ሁለተኛው ነገር የላይኛው እንጨት ውፍረት ነው። ከ0.6 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይገኛል። ልጆች ለሚሯሯጡበት ቤት ከ3 ሚሊ በታች አልመክርም። 3 ወይም 4 ሚሊ ከሆነ ሲያረጅ በማሽን ተልጎ እንደገና ቫርኒሽ ይቀባል። ከ1 ሚሊ በታች የሆነው አንዴ ከተጫረ አለቀለት።

«እንጅባራ ዝናቡ ብዙ ነው። ሊሾው ግንቦት ውስጥ ነው የተሠራው። ክረምቱ ሳይጠነክር ላስነጥፍ?» (አንድ ወንድም)

ወንድሜ፣ ይቆዩ። እኔ በዚህ ተቀጥቻለሁ። ከዓመታት በፊት ባሕር ዳር ሐይቁ አካባቢ አንድ ቤት ሠራሁ። ሠርግ ደርሶባቸው ስለነበር ሊሾው በተሠራ በሦስተኛ ሳምንቱ ጣውላውን አነጠፍኩ። ከላይ ደረቅ ነበር፣ በእጄም ዳስሼዋለሁ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ተደወለልኝ። ስሄድ የእያንዳንዱ ጣውላ መሐል ጎድጉዶ ጠርዙ ተነስቷል። በባዶ እግር ሲረግጡት ይታወቃል። አንዱን ስነቅለው ሥሩ ጠቁሯል፣ ሲነኩት ይቀዘቅዛል። እርጥበቱ ከሥር ነበር የመጣው። ጥፋቱ የኔ ስለነበር በራሴ ወጪ አንስቼ እንደገና ሠራሁት።

ለግምት ያህል፣ በደረቅ አየር ሊሾ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ሳምንት ይፈልጋል። ከ4 ሴንቲ በላይ ላለው ደግሞ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሁለት ሳምንት ነው። 5 ሴንቲ ከሆነ 6 ሳምንት ማለት ነው። በእንጅባራ ክረምት ከዚያም በላይ ይሄዳል። ግምት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ይፈትኑት። 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግተው ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉት። ቢያንስ 24 ሰዓት፣ በክረምት ግን ሦስት ቀን ይቆይ። ሲያነሱት ላስቲኩ ካላበው ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ አልደረቀም። ኅዳር ላይ ቢያስነጥፉ ደስ ይለኛል።

ምድር ቤት ከሆነ ደግሞ ከማንጠፍዎ በፊት 200 ማይክሮን ላስቲክ ይዘርጉ፤ መገጣጠሚያው 20 ሴንቲ ይደራረብ። ካርቶኖቹ ሳይከፈቱ እዚያው ክፍል ውስጥ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ተጋድመው ይቆዩ። ግድግዳው ሥር ዙሪያውን 10 ሚሊ ክፍተት ይተው። በበጋ የተነጠፈ እንጨት ክረምት ሲገባ ትንሽ ማበጡ አይቀርም፤ የሚሄድበት ቦታ ካጣ ይነሳል። ክፍተቱን ዞኮሎ ይሸፍነዋል። አናጺው «አያስፈልግም» ካለ አይስሙት።

«ታዲያ ቄጠማ ጎዝጉዘን ቡና ማፍላት ልንተው ነው?» (አንዲት እህት፣ ከባሕር ዳር)

በፍጹም እህቴ! ለዓውደ ዓመት ያለ ጉዝጓዝ ምን ቤት አለ? ብቻ ከወንዝ የመጣ ቄጠማ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ውሃው በጣውላዎቹ መገጣጠሚያ ይገባል። በደንብ አራግፊው፣ ከሥሩ ሰሌን ወይም ላስቲክ አንጥፊ፣ በማግስቱ አንሺው። የከሰል ምድጃው ደግሞ በጣውላው ላይ በቀጥታ አይቀመጥ። አንድ ፍንጣሪ ምስር የምታህል ጥቁር ነጥብ ትታ ትሄዳለች። የላይኛው እንጨት 3 ሚሊ ከሆነ ተልጎ ይጠፋል፤ ላሚኔት ላይ ግን እንደተቃጠለ ይቀራል። አንድ ሁለት የተረፈ ሴራሚክ ከረከቦቱ አጠገብ አስቀምጪና ምድጃውን በእሱ ላይ አድርጊው። ስታጸጂም ውሃ አታፍሺበት፤ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ጥረጊው።

«ፍኖተ ሰላም ነኝ፤ ግቢያችን ምስጥ አለበት።»

ይበላዋል። መጀመሪያ ምስጡን በባለሙያ ያስጠፉ። እስከዚያው ሴራሚክ ይሻላል። «መታጠቢያ ቤትስ?» ላላችሁት ሁሉ፦ እዚያ እንጨት አይገባም።

«4 በ5 ለሆነ ሳሎን ስንት ልግዛ?»

ስፋቱ 20 ካሬ ነው። ለቁርጥራጭ 10 በመቶ ጨምሩና 22 ካሬ ይሆናል። ካርቶኑ 2.2 ካሬ ከያዘ 10 ካርቶን ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ቦታ ግዙ፤ በተለያየ ጊዜ የመጣ ዕቃ ቀለሙ ይለያያል። አንድ ካርቶን ጨምራችሁ አልጋ ሥር አስቀምጡ። ከዓመታት በኋላ አንድ ጣውላ ሲበላሽ ያንኑ ዓይነት ከገበያ ማግኘት ይከብዳል።