ኤሊ የታቀፈች ዶሮ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ ለማለት ግን አልደፍርም፤ ከማይክሮፎኑ ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብሎ በተቀመጠ ሰማያዊ ሳፋ ውስጥ አሥራ አንድ የእንቁራሪት እጮች እየዋኙ ነው። እነሱ ድምፅ የላቸውም። ድምፅ ያለው የደብረ ብርሃን ነፋስ ነው፤ መስኮቱ ሲንገጫገጭ ብትሰሙ የእሱ ሥራ ነው።

«ሰው እንዴት እንቁራሪት ቤቱ ያስገባል?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝ በቀጥታ የምመልሰው የለኝም። በምትኩ ስለ አንዲት ዶሮ ላውራችሁ።

እናቴ የምትኖረው ሸዋ ሮቢት ነው፤ እኔ ደግሞ ሥራ ይዞኝ እዚህ። መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ይዞ ቁልቁል ሲወርዱ መጀመሪያ ካፖርት፣ ቀጥሎ ሹራብ እየወለቀ ነው የሚደረሰው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 አካባቢ። እንቁራሪቶቼ ደገኞች ናቸው፤ የእናቴ ግቢ ኤሊዎች ቆለኞች።

ኤሊዎቹን ያመጣቸው አጎቴ ነው፤ እኔ ልጅ ሳለሁ ከመንገድ ዳር አንስቶ፣ አንዱን ወንድ አንዷን ሴት። ጀርባቸው እንደ ነብር ቆዳ ዥንጉርጉር ነው። ዛሬ ቢሆን እጁን እይዘው ነበር። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ይዞ ማኖር እንደማይቻል በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ደንግጓል። ይህ የኤሊ ዓይነት ድንበር ተሻግሮ እንዳይቸበቸብም ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1989 ጀምሮ አባል የሆነችበት ሳይተስ የተባለው ስምምነት ይቆጣጠረዋል። ስለዚህ ይህን ሰምታችሁ ወደ ቆላ ወርዳችሁ ኤሊ እንዳታነሡ። የእኛዎቹ የቆየ ጥፋት ናቸው፤ የቆየ ጥፋት ደግሞ ቀለብ ይፈልጋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ደወለች። «ኤሊዋ ከፓፓያው ሥር ጉድጓድ ትምሳለች፤ ምን ሆና ነው?» አለችኝ። በኋላ እግሮቿ ተራ በተራ አፈር እየዛቀች ነበር። አፈሩ ሲጠነክርባት ከፊኛዋ ውኃ እያፈሰሰች ታለሰልሰዋለች፤ ይህን እናቴ በስልክ ስትነግረኝ «ሸናችበት» ብላ ነው የሳቀችው። ከዚያ እንቁላሎቿን አንድ በአንድ ጣለች፤ አፈሩን መለሰች፤ በሆዷ ጠቅጥቃ ሄደች። ወደ ኋላ ዞራ እንኳ አላየችም። እናቴን ያናደዳት ይህ ነው። «ምን ዓይነት እናት ናት!» አለች።

ሳትነግረኝ እንቁላሎቹን ቆፍራ አወጣቻቸው። ጉንዳኑም፣ የጎረቤት ውሻም አሳስቧት ነበር። ዘጠኝ ናቸው፤ እንደ ጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ክብና ነጭ፣ ቅርፊታቸው የዶሮ እንቁላል ያህል ጠንካራ። ያን ሰሞን ቀይዋ ዶሮ ታቅፋ ነበርና የኤሊዋን ዘጠኝ ከራሷ አምስት ጋር ጨምራ አስታቀፈቻት። ለምን ብዬ ስጠይቃት «ዶሮ የጅግራ እንቁላል ታቅፋ ትፈለፍል የለም ወይ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ትፈለፍላለች።

በሃያ አንደኛው ቀን አምስቱም ጫጩቶች ወጡ። ቀይዋ ዶሮ ሁለት ቀን ጠብቃ ልጆቿን እየመራች ከጎጆዋ ወረደች። ዘጠኙ ነጫጭ ኳሶች ገለባው ላይ ቀሩ። እናቴ በነጠላ ቁራጭ ጠቅልላ ምድጃ አጠገብ አኖረቻቸው፤ በቀን ሁለት ጊዜ እያገላበጠች ሌላ ወር ጠበቀች። እኔ ለፋሲካ ስወርድ አንዱን ሰበርነው። ሽታውን አልነግራችሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወፍ ዘር እንቁላል ካልተገላበጠ ጽንሱ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል፤ ዶሮ በቀን ስንት ጊዜ በመንቆሯ እያንከባለለች የምታድረው ለዚህ ነው። የኤሊ እንቁላል ግን በተቃራኒው ነው። ከተጣለ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ጽንሱ ከእንቁላሉ ላይኛው ግድግዳ ጋር ይያያዛል፤ እዚያው እንደተያያዘ ነው የሚያድገው። ያን ጊዜ ብታገላብጡት አስኳሉ ሊደፍነው ይችላል። እንቁላሉን ከጉድጓድ ማውጣት የግድ የሆነባቸው አርቢዎች ገና ሳያነሡት አናቱ ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ፤ ምልክቱ ወደ ላይ እንዳየ ወር፣ ሁለት ወር፣ ስድስት ወር ይቆያል። ሙቀቱም ሌላ ነው። ከዶሮ ክንፍ ሥር ወደ 38 ዲግሪ ይደርሳል፤ ለኤሊ እንቁላል የሚስማማው ግን ከ28 እስከ 32 ባለው ውስጥ ነው። ቀይዋ ዶሮ ዘጠኙንም በፍቅር ቀቀለቻቸው ብል አላጋነንኩም።

ሙቀቱ ሌላም ጉድ አለው። በአብዛኞቹ ኤሊዎች ዘንድ ወንድና ሴት የሚለየው በእንቁላሉ ሙቀት ነው፤ ቀዝቀዝ ካለ ወንድ፣ ሞቅ ካለ ሴት። ይህን ለእናቴ ስነግራት ቡናዋን አስቀምጣ «እንዲህ ከሆነማ ሸዋ ሮቢት ወንድ ኤሊ አይወለድም በለኛ!» አለች።

እናቴ ላይ አልፈረድኩባትም። ዕድሜ ልኩን ዶሮ ያረባ እጅ የሚያውቀውን አደረገ። እንደ ዶሮ ያሉት እንስሳት መልካም አድርገው አስተማሩን፤ እንቁላሉን አገላብጡ፣ ሙቀት ጨምሩ፣ ከእጃችሁ አብሉ፣ ጀርባቸውን ዳብሱ አሉን። በደመ ቀዝቃዞቹ ቤት ግን ይህ ሁሉ ደግነት መርዝ ይሆናል። የእኔ ጥፋት ደግሞ ከእሷ ይብሳል፤ እኔ ማንበብ እየቻልኩ ነው ያጠፋሁት።

ያኔ መስከረም ማለቂያ ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ከምኖርበት ግቢ ጀርባ የመኪና ጎማ የቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ የቀረው ውኃ ሲመጥ አየሁ። ጥቋቁር እጮች በጭቃው ውስጥ ይርመሰመሳሉ። አዘንኩና ሳፋ ይዤ ወጣሁ። «ንጹሕ ውኃ ይሻላቸዋል» ብዬ ከቧንቧ ቀዳሁላቸው። ጠዋት ሁሉም ተገልብጠው ነጫጭ ሆዳቸው ወደ ላይ ነበር። ለእኛ ጤና ተብሎ የሚጨመረው ክሎሪን የእነሱን ስንጥብ ያቃጥላል። የቧንቧው ውኃ በክፍት ዕቃ አንድ ቀን ቢያድር፣ ይልቁንም የዝናብ ውኃ ቢሆን ይተርፉ ነበር።

በሁለተኛው ጊዜ የጉድጓዱን ጭቃማ ውኃ ራሱን ቀዳሁ። ቆስጣ ቀቅዬ በጥቂቱ ጣል አደርግላቸዋለሁ፤ የተረፈውን ሳይሸት አወጣለሁ። መጀመሪያ የኋላ እግሮች ይበቅላሉ፤ ፊተኞቹ ቆዳው ሥር ተሠርተው ይቆዩና አንድ ቀን ክርኑ ቆዳውን በስቶ ብቅ ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጩ ምግብ ይተዋል፤ አፉና ሆዱ እየተለወጡ ስለሆነ ስንቁ የገዛ ጅራቱ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው «አልበላልኝም» ብሎ ቆስጣውን ሲጨምር ውኃውን ያበላሸዋል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው መውጫ ብቻ ነው፤ አየር የሚስብበት ደረቅ ቦታ ካላገኘ እንቁራሪቷ ተወልዳ ባደገችበት ውኃ ትሰጥማለች። እኔ የተሰበረ ጀበና ገል ነው ያጋደምኩላቸው።

የቤት አከራዬ እትዬ ሳፋውን ያዩ ቀን ደጃፌ ላይ ቆመው «ቤቴን የፈርዖን ቤት ልታደርገው ነው?» አሉኝ። ዘጸአትን በቃላቸው ያውቁታል። ነገር ግን ከመንደሩ ሁሉ የረዱኝ እሳቸው ናቸው። ጅራቷ ያለቀ እንቁራሪት የምትበላው የሚንቀሳቀስ ነገር ብቻ ነው፤ አፏ ደግሞ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ነፍሳት ካልሆነ አይችልም። በሌላው ዓለም ያሉ አርቢዎች ደቃቅ ዝንብ በጠርሙስ ያራባሉ። እትዬ ጠላ ይጠምቃሉ፤ ጋናቸው ዙሪያ የምታንዣብበው ዝንብ ያቺው ናት። የሙዝ ልጣጭ በብርጭቆ አድርጌ ጋኑ አጠገብ አስቀምጥና አፉን በላስቲክ ሸፍኜ እመለሳለሁ። «ጠላውን ሳትጠጣ ዝንቡን የምትወስድ አንተን ብቻ አየሁ» ይላሉ።

የእንቁራሪት ቆዳ ነገር ብዙ ያስገርመኛል። ውኃ የሚጠጡት በአፋቸው ሳይሆን በቆዳቸው ነው። እጃችሁ ላይ ያለው ቅባት፣ ሳሙና፣ ላብ ሁሉ ቀጥታ ወደ ደማቸው ይሄዳል። ስለዚህ አልነካቸውም፤ የግድ ከሆነ በንጹሕ ውኃ በረጠበ እጅ። ኤሊ ከነኩ በኋላ ደግሞ በሳሙና መታጠብ ለራስ ነው፤ ኤሊዎች ሳልሞኔላ የተባለውን በሽታ አምጪ ተሕዋስ ሳይታመሙበት ይሸከማሉና።

ያሳደግኳቸውን የለቀቅኋቸው እዚያው ከተገኙበት ሣር ነው፤ ወደ በረሳ ወንዝ ወይም ወደ ሌላ መስክ አልወሰድኳቸውም። ካይትሪድ የሚባል የቆዳ ፈንገስ አለ። እንቁራሪትን ከቦታ ቦታ ማዘዋወርና መነገድ ፈንገሱን በዓለም ላይ ካዛመቱት ነገሮች አንዱ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 የታተመ ጥናት በፈንገሱ ምክንያት 501 ዝርያዎች እንደተመናመኑ፣ ከእነዚህም 90ዎቹ ጠፍተዋል ተብለው እንደሚታሰቡ ገምቷል። በሀገራችን እንቁራሪቶች ላይም ተገኝቷል። የእኛ ደጋ ደግሞ ሌላ ቦታ የሌሉ እንቁራሪቶች መኖሪያ ነው። «እንቁራሪት» ብለን ከምናልፋቸው ከእነዚህ ሾጣጣ አፍንጫ የሣር ዘላዮች አንዷ ፕታይካዴና አምሃሬንሲስ ተብላ በሳይንስ የተመዘገበችው ገና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ነው። ስም ሳናውቅላት ብናጠፋት ኖሮ ማንም አይጠይቀንም ነበር።

እስስት እንዳሳድግ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። አላሳድግም። ቶሎ የምትጨነቅ እንስሳ ናት። የደጋዋ እስስት ግን አንድ ነገር ታስቀናኛለች፤ እንቁላል አትጥልም። በብርድ አገር አፈር ውስጥ ማን ያሞቅላታል? ሆዷ ውስጥ ይዛ ፀሐይ ወዳለበት ቅርንጫፍ ትወጣለች፤ እዚያው አሙቃ ሕያው ልጅ ትወልዳለች። ፀሐይ ስል፣ አንድ ወዳጄ ትንሽ ኤሊ በመስታወት መስኮት ጀርባ አስቀምጦ «በየቀኑ ፀሐይ ትሞቃለች» ይለኝ ነበር። ቅርፊቷን ስነካው እንደ ረጠበ ካርቶን ለሰለሰብኝ። መስታወት ሙቀቱን ያሳልፍና ለአጥንትና ለቅርፊት የሚሆነውን ጨረር ያስቀረዋል። ወደ ውጭ አውጣት፤ ጥላም አብጅላት አልኩት።

ወደ እናቴ ልመለስ። ኤሊዋ እንደገና ከፓፓያው ሥር ጣለች። በዚህኛው ጊዜ እናቴ አልቆፈረችም። የሽቦ ወንፊት አለበሰችበት፤ ዙሪያውን ድንጋይ ደረደረች፤ ጉንዳን እንዳይመጣ አመድ ነሰነሰች። የዚህ ዓይነት ኤሊ እንቁላል መሬት ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ሰባት ወር ሆነ፤ ዘጠኝ ሆነ፤ ዓመት አለፈ። በየሳምንቱ ስደውልላት «ዝም ብሏል» ትለኛለች፤ እኔም «ዝም በይው» እላታለሁ።

ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ አፈሩን ካለሰለሰው በኋላ፣ ጠዋት ደወለች። አፈሩ ተሰንጥቆ አፍንጫ ታይቷል። «ልርዳው?» አለች። ተዪው አልኳት፤ ራሱ ይውጣ፤ ከሆዱ ሥር ገና ያልተመጠጠ አስኳል ሊኖር ይችላል። በርጩማ አውጥታ፣ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ አድርጋ ተቀመጠች። አቦል ሲጠጣ ጭንቅላቱ ብቻ ነበር። ቶና ላይ አንድ እግር። በረካ ላይ እንደገና ደወለችልኝ።

«ወጣች። የሎሚ ግማሽ ታህላለች።»

«ሌላስ?»

«ከኋላዋ ሌላ አፍንጫ አለ። ቀይዋ ዶሮ ደግሞ መጥታ አጠገባቸው ቆማለች።»

«አባርሪያት!» አልኩ።

«ተዋት» አለች እናቴ፤ «የመጀመሪያዎቹ እንኳ ቀርተውባታል።»