ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት፦ የቧንቧ ሙያ ምን ይፈልጋል?

(በቅርበት፦ ሁለት እጆች፣ የጋለ የፒፒአር ቱቦ ማጋጠሚያ ማሽን)

ይህ ፒፒአር የሚባል፣ በሙቀት የሚጋጠም 20 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ማሽኑ 260 ዲግሪ ደርሷል። ቱቦውና ኤልቦው (የማዕዘን መገጣጠሚያው) 5 ሰከንድ ይሞቃሉ፣ ወዲያው ይጋጠማሉ፣ ከዚያ 2 ደቂቃ ያህል ማንም አይነካቸውም። በቃ! ቀላል ይመስላል አይደል? ግን "ትንሽ ይለስልስ" ብላችሁ ካቆያችሁት ወይም ገፍታችሁ ካስገባችሁት፣ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ቀዳዳውን ያጠበዋል። ከውጭ ሲያዩት ያማረ ነው። ሰው ገብቶ ሻወር ሲከፍት ግን ውኃው ይቀጥናል፤ የሚታማው ምስኪኑ ፓምፕ ነው።

(ሴራሚክ ያልተለጠፈበት ግድግዳ)

ባለሙያው የሚለየው እዚህ ነው። መስመሩ በውኃ ይሞላል፣ አየሩ ይወጣል፣ በእጅ ፓምፕ ግፊት ይሰጠዋል። የጌጁ (የግፊት መለኪያው) ቀስት እየወረደ ከሄደ አንድ ቦታ እያፈሰሰ ነው። ሴራሚክ ለጣፊው ቆሞ "ቶሎ በል እንጂ!" እያለ፣ "ገና ነው፣ አይዘጋም" ማለት መቻል ራሱ ሙያ ነው።

(ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ታንከር)

ሂሳብም አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ብዙው ቤት ታንከር አለው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል፤ ታንከሩ ከሻወሩ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ያላችሁ 0.3 ባር ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ሻወሩ ደካማ ነው ሲባል ማሞቂያውን ከመፍታቱ በፊት ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል።

ሥራውስ? አዲስ ሕንፃ ላይ ኮንትራት መያዝ ዳጎስ ያለ ገንዘብ አለው፣ ክፍያው ግን ይጓተታል። ጥገና ትንሽ ትንሽ ነው፣ ግን የዕለቱ የዕለቱ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ጀማሪ ጥገና ላይ ይቆይ እላለሁ፤ የሌላውን ስህተት እየፈታ ይማራል። ፋብሪካ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፦ የእንፋሎት መስመር፣ የታመቀ አየር፣ የብረት ብየዳ፣ ንድፍ ማንበብ። በእንፋሎት መስመር ውስጥ ውኃ ከተጠራቀመ እንደ መዶሻ ይመታል፤ መገጣጠሚያ ይሰብራል፣ ሰውም ይጎዳል።

ቴክኒክና ሙያ የተማራችሁ ምዘናውን ወስዳችሁ የብቃት ማረጋገጫውን (ሲኦሲውን) ያዙ። አሜሪካ ለመሄድ የምታስቡ ደግሞ እዚያ ፈቃድ የሚሰጠው በየግዛቱ ወይም በየከተማው ሕግ መሆኑን፣ ልምምዱም እየተከፈላችሁ 4 ወይም 5 ዓመት እንደሚፈጅ እወቁ።

(ስልክ፣ ግድግዳው ላይ የተዘረጋ ሜትር)

አንድ ነገር ልጨምር። ግድግዳው ሳይዘጋ ሜትር ዘርግታችሁ መስመሩን በስልክ ፎቶ አንሱት። ከሁለት ዓመት በኋላ ባለቤቱ መስታወት ሊሰቅል ድሪል ሲያነሳ፣ የሚደውለው ለእናንተ ነው።