መኪናዋ የት ታድራለች?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ መኪና ወጪ ነው የማወራው።

እኛ ቤት ያለችው ቶዮታ ራቭ ፎር ናት፤ ፕላግኢን ሃይብሪድ የሚባለው ዓይነት። ሶኬት ላይ ትሰካለች፣ ቤንዚንም ትጠጣለች። አዳማ ላይ መሰኪያዋን ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ያው ነው። «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ቶሎ ስለማልመልስ ምስጢር የያዝኩ ይመስላቸዋል። እኔ ግን መልሼ፣ «አንተ ጋ ብትሆን የት ነው የምታድረው?» እላለሁ። ፍጆታዋን የሚወስነው እሱ ነዋ!

አውሮፓ ውስጥ ተለክታ ለ100 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር ብቻ ትፈጃለች ተብሎ ተጽፎላታል። ውሸት አይደለም። ግን ቁጥሩ የሚሠራው ባለቤቱ ቶሎ ቶሎ ቻርጅ ያደርጋል፣ አብዛኛውን መንገድ በባትሪ ይሄዳል በሚል ግምት ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን መኪኖቹ ራሳቸው የመዘገቡትን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2024 ሪፖርት አውጥቶ ነበር። ፕላግኢን ሃይብሪዶች መንገድ ላይ የሚፈጁት በአማካይ ወረቀቱ ከሚለው 3.5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። እዚያ ብዙዎቹ የመሥሪያ ቤት መኪኖች ናቸው። ነዳጁን ድርጅቱ ከከፈለ ማን ማታ ማታ ገመድ ይጎትታል?

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ቤንዚን ሊትሩን 130 ብር፣ መብራት ኪሎዋት ሰዓቱን 6 ብር እንበል። ዋጋው ስለሚለዋወጥ እናንተ የዛሬውን አስገቡበት። በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ቤተሰብ እንውሰድ፤ ትምህርት ቤት፣ ሥራ፣ ገበያ፣ አንዳንዴ ወንጂ ደርሶ መመለስ። በወር 1,200 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

በባትሪ ከሄደች፣ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነውን ጨምሮ፣ ለ100 ኪሎ ሜትር 22 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ትወስዳለች። በወር 264። በብር ወደ 1,600። ባትሪዋ ባዶ ሆኖ በቤንዚን ከሄደች ደግሞ 6 ሊትር ተኩል ያዙላት። በወር 78 ሊትር፣ ከ10,000 ብር በላይ። በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የሚጠጣ ተራ የቤንዚን ኤስዩቪ 15,600 ብር ይጠይቃችኋል።

ያው መኪና፣ ያው ሾፌር፣ ያው መንገድ። አንዱ ወር 1,600፣ ሌላው 10,000። ሰው በሊትር ስንት ሲለኝ ዝም የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሶኬቱ እንምጣ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። ባትሪዋ 18.1 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። በተራ የቤት ሶኬት፣ በ10 አምፔር፣ ለመሙላት ከ7 እስከ 9 ሰዓት ይፈልጋል። ማታ ትሰካለች፣ ጠዋት ትነቀላለች። የምትስበው ከእንጀራ ምጣድ ያነሰ ነው። ልዩነቱ ምጣድ ሌሊቱን ሙሉ አይበራም። ስለዚህ ቀጭን ኤክስቴንሽን በመስኮት አሹልኮ ማውጣት የሚባለውን ነገር እርሱት። ሶኬቱ ይግላል፣ ይቀልጣል። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ወፍራም ገመድና የራሱ ብሬከር ያለው መስመር አስዘርጉ። ምጣድና መኪና ደግሞ አንድ ላይ አይሠሩም። እኛ ቤት እንጀራ የሚጋገርበት ቀን መኪናዋ ተራዋን ትጠብቃለች።

ግን የኪራይ ቤት ከሆነስ? እኛ ተከራዮች ነን። ግቢው ውስጥ ቆጣሪው የጋራ ነው። አከራያችን መኪናዋ ገና ስትሰካ አይተው፣ «ልጄ፣ ይቺ ነገር የማንን መብራት ነው የምትበላው?» አሉኝ። ሙሉ በሙሉ ትክክል ነበሩ። የመብራት ታሪፍ በእርከን ነው፤ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ኪሎዋት ሰዓቱም ይወደዳል። በወር 264 ስንጨምርበት ግቢውን ሁሉ ወደ ላይኛው እርከን እንገፋዋለን። ስለዚህ ለዚያ ሶኬት ብቻ ትንሽ ቆጣሪ አስገባንለት። የምንከፍለውም በአማካዩ ሳይሆን የግቢው ቢል በደረሰበት በውዱ እርከን ሂሳብ ነው። ጓደኞቼ «ተበላህ» ይሉኛል። እኔ አልተበላሁም። ከቤንዚን ጋር ሳስተያየው አሁንም እየሳቅኩ ነው የምከፍለው። አከራያችን እትዬም ማታ በሩን ከፍተው ገመዱ መሰካቱን ያዩልኛል።

«ታዲያ ለምን ንጹህ ኤሌክትሪክ አልገዛህም?» የሚል አይጠፋም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪኩ በዝቷል፣ እውነት ነው። ግን መብራት ይሄዳል። ይገርማል እኮ፤ 204 ሜጋዋት የሚያመነጩ የነፋስ ተርባይኖች አዳማ ኮረብታ ላይ ቆመው እያየናቸው ጨለማ ውስጥ እራት እንበላለን። እናቴን ሌሊት ሐኪም ቤት ማድረስ ቢያስፈልግ፣ ታንከሯ ውስጥ ቤንዚን መኖሩ ለእኔ እንቅልፍ ነው።

የፍጥነት መንገዱን ደግሞ ሳላነሳ አላልፍም። አንድ ወሬ አለ። «ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ስትወርድ ራሷን ቻርጅ ታደርጋለች» የሚል። አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ልዩነቱ 700 ሜትር ነው። ሰው የጫነች 2,200 ኪሎ መኪናን ያን ያህል ወደ ላይ ለማውጣት 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል። ከባትሪው አንድ አምስተኛ ትንሽ ይበልጣል። ታዲያ ስትወርዱ ይመለሳል? በባትሪ መልክ፣ እምብዛም። 700 ሜትሩ በ85 ኪሎ ሜትር ላይ ተዘርግቷል። በአማካይ በ100 ሜትር 1 ሜትር እንኳ አትወርዱም። ያ ደግሞ የጎማውን መጎተት እንኳ አይሸፍንም። ቁልቁለቱ ባትሪ አይሞላም፤ ሞተሩ የሚገፋውን ብቻ ይቀንስለታል። እሱም ቀላል አይደለም፣ ስወርድ የምፈጀው ስወጣ ከምፈጀው በግልጽ ያንሳል። ግን ተአምር አትጠብቁ።

ከቁልቁለቱ ይልቅ የሚጎዳው ፍጥነት ነው። በ120 ስትነዱ አየሩ የሚገፋችሁ በ80 ከሚገፋው ከእጥፍ በላይ ነው። ባትሪዋን አዳማ ላይ ሞልቼ በዚያ ፍጥነት ብወጣ አዲስ አበባ መግቢያ ቱሉ ዲምቱ ሳልደርስ ታልቃለች። ስለዚህ የፍጥነት መንገዱ ላይ በአዝራሩ ወደ ሃይብሪድ፣ ማለትም በዋናነት ቤንዚኑ ወደሚሠራበት፣ እቀይርና ባትሪውን አስቀምጠዋለሁ። ከቃሊቲ በኋላ ነው የምፈልገው። ያ መቆም፣ መነሳት፣ እንደገና መቆም ለቤንዚን ሞተር ክፉ ነው፣ ለባትሪ ግን ጨዋታ። ከፍታውም አለ። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ጉልበቱ ይወርዳል። የኤሌክትሪኩ ሞተር ግን አዲስ አበባም አዳማም ያው ነው።

ሰርቪሱን ቶሎ ልበለው። የሞተር ዘይት ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም በዓመት ይቀየራል፤ «በባትሪ ነው የምሄደው» ብሎ መዝለል የለም። ቤንዚኑም ወራት እንዳይቀመጥ የቤንዚኑን ሞተር አልፎ አልፎ ማሠራት ነው። የፍሬን ሸራ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ፍጥነት ሲቀንስ አብዛኛውን ሥራ የኤሌክትሪኩ ሞተር ስለሚይዘው። ጎማ ላይ ግን ትበላለች፤ ባዶዋን ከ1,900 ኪሎ በላይ ናት።

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለምትኖሩና ታች ሶኬት ለሌላችሁ አትግዙ ነው የምለው። ሶኬት የማይፈልገውን ተራ ሃይብሪድ ግዙ። ያለ ቻርጅ የምትነዳ ፕላግኢን ከባድ ባትሪ ተሸክማ የምትዞር ሃይብሪድ ናት፣ ከተራው በትንሹ ትብሳለች እንጂ አትሻልም። ሶኬት ያላችሁ ደግሞ የፕላግኢኗንና የተራውን ሃይብሪድ የዋጋ ልዩነት ውሰዱና ለ8,000 ብር አካፍሉት፤ በእኔ ሂሳብ በወር የሚተርፈው ያን ያህል ነው። የሚወጣው ቁጥር ልዩነቱ በስንት ወር እንደሚመለስ ይነግራችኋል። ኢንሹራንሱንም ደምሩበት፣ በመኪናው ዋጋ ስለሚሰላ እሱም ከፍ ይላል። በሉ፣ ቻው።