የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ቴሌግራም ሲከፍት

[በስክሪኑ ላይ፦ የመጻሕፍት መደርደሪያ፤ ከፊቱ ቴሌግራም የተከፈተበት ስልክ]

በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም ተማሪ አልደረሰም። ብዙ ልጆች ያጠኑት በቴሌግራም ከተቀባበሉት ሶፍት ኮፒ ነው። ከዚያም በፊት፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ፣ ብዙ መምህራን ማስታወሻና መልመጃ የላኩት በዚያው በቴሌግራም ነበር። ተማሪው እዚያ ካለ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍትም እዚያ ሊገኝ ይገባል ባይ ነኝ። ሳይታሰብበት የተከፈተ ቻናል ግን ልጆችን ይጎዳል፤ ጉዳቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከክፋት ሳይሆን ከቅን ልቦና ነው።

አስቀድሞ ጥቅሙን እንይ። በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪው መደርደሪያው ጋ አይደርስም። መታወቂያውን አስይዞ በባንኮኒው በኩል መጽሐፍ ይጠይቃል። ከውስጥ ምን እንዳለ የማያውቅ ልጅ ምን ብሎ ይጠይቅ? ስለዚህ የመማሪያ መጽሐፉን ተውሶ ይመለሳል፤ አጋዥ መጻሕፍቱ፣ ልብ ወለዱ፣ የተረት መጽሐፉ አቧራ ይለብሳሉ።

[በስክሪኑ ላይ፦ የመጽሐፍ ሽፋን ፎቶ፤ ከሥሩ «ለ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ አጋዥ። መደርደሪያ 570። 4 ቅጂ አለን። በምሳ ሰዓት መዋስ ይቻላል።»]

ይህን የመሰለ አጭር መልእክት በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢወጣ ልጁ ወደ ባንኮኒው የሚሄደው የሚፈልገውን አውቆ ነው። ቅጂው ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚዋስ መጻፉ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ተማሪውን ከስልኩ አስነሥቶ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የሚያመጣው ግን እሱ ነው።

አሁን ወደ ስጋቱ። የመጀመሪያው ምርጫ ቻናል ወይስ ግሩፕ የሚለው ነው። በቻናል የሚጽፈው አድሚኑ ብቻ ነው፤ ተከታዮቹ እርስ በርስ አይተያዩም። በግሩፕ ግን የአባላቱ ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ ለሁሉም ይታያል፤ በሊንክ የገባ ማንኛውም እንግዳ ሰው ለአንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ በግል ሊጽፍላት ይችላል። ልጆች ላሉበት ቤተ መጻሕፍት ቻናል ይበቃል።

[በስክሪኑ ላይ፦ ተማሪዎች ሲያነቡ የሚያሳይ ፎቶ። ካሜራው ቀስ በቀስ ወደ ባንኮኒው ይጠጋል]

ይህን ፎቶ በደንብ እዩት። የንባብ ሳምንት ነው፤ ልጆቹ ደስ ብሏቸው ያነባሉ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያም ኮርታ ልትለጥፈው ነው። ከኋላ ግን ባንኮኒው ላይ የውሰት መዝገቡ እንደተዘረጋ ነው። ፎቶውን በጣት ሰፋ ስታደርጉት ስም፣ ክፍልና የመጽሐፍ ርዕስ ይነበባል። ስለ ጉርምስና ወይም ስለ ወላጆች ፍቺ የሚያስረዳ መጽሐፍ የተዋሰ ልጅ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚጠብቀው አስቡት። ከዚያ በኋላ ለጭንቀቱ መልስ ፍለጋ መጽሐፍ የሚዋስ አይመስለኝም።

ሆን ተብሎ የሚደረገው ደግሞ ከዚህ ይከፋል። «መጽሐፍ ያልመለሱ ተማሪዎች ስም ዝርዝር» በቻናሉ ላይ ይወጣል። በሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ዓመቱ ሲያልቅ ይነሣል፤ በቴሌግራም የወጣ ስም ግን በስክሪንሾት ተቀድቶ ከስልክ ስልክ ይዞራል፤ አድሚኑ ቢሰርዘውም አይመለስም። ልጁ መጽሐፉ ጠፍቶበት፣ የሚተካበት ገንዘብ አጥቶ ሊሆን ይችላል። ስሙ አደባባይ ሲወጣ ቤተ መጻሕፍቱን ይሸሻል እንጂ መጽሐፉን አያመጣም። ለብቻው ጠርቶ ማነጋገር፣ ካልሆነም ለወላጁ መደወል ይቻላል። አገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች፤ የተማሪን ስምና ፎቶ ከመለጠፍ በፊት የወላጅን ፈቃድ በጽሑፍ መያዝ ለትምህርት ቤቱም መከላከያ ነው።

ቀጣዩ ፒዲኤፍ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ በሶፍት ኮፒ ያሠራጫቸውን የመማሪያ መጻሕፍት ማካፈል ትልቅ አገልግሎት ነው። በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር አንድ ጊዜ አውርዶ ተማሪዎች ያለ ዳታ እንዲገለብጡት ማድረግ ይቻላል። በገበያ ላይ ያለን ልብ ወለድ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ መልቀቅ ግን ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወቱ ዘመንና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ያረፉት በ1931 ዓ.ም. ስለሆነ የድርሰቶቻቸውን የቀድሞ እትሞች ማካፈል ይቻላል። በሕይወት ያለውን ደራሲ ሽፋኑን አሳዩለት፤ መጽሐፉን ግን አትልቀቁበት። ደራሲውን ገቢ ማሳጣት ማለት ነገ መደርደሪያው ላይ የሚመጣውን መጽሐፍ ማሳጣት ነው።

የትምህርት ቤቱን ስም አስመስለው «የፈተና መልስ አለ» እያሉ ገንዘብ የሚለምኑ ቻናሎችም ይኖራሉ። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ከተሰረዘ ወዲህ ይህን ወሬ የሚያምን ልጅ አይጠፋም። ስለዚህ የእውነተኛው ቻናል አድራሻ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ በጉልህ ተጽፎ ይለጠፍ።

ሁሉም ልጅ ደግሞ ስልክ የለውም። ያለውም ቢሆን ኔትወርክ ሊያጣ ይችላል፤ በየካቲት 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ለወራት መቆየታቸውን እናስታውሳለን። በቻናሉ የወጣ ማስታወቂያ ሁሉ በዚያው ቀን በሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ በሰልፍ ሰዓትም በሚኒ ሚዲያ ይነበብ።

[በስክሪኑ ላይ፦ የቻናሉ የአድሚን ገጽ]

በመጨረሻ ቻናሉ የማን ነው? ብዙ ጊዜ በአንድ መምህር የግል ስልክ ይከፈታል፤ መምህሩ ሲዛወር ቻናሉ ባለቤት ያጣል። ከመጀመሪያው በትምህርት ቤቱ ሲም ካርድ ክፈቱት፤ ሁለት አድሚን ይኑረው፤ ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃሉንም (ከመግቢያ ኮዱ ሌላ ቴሌግራም የሚጠይቀውን) አብሩ። ቴሌግራም ያለዚህ የይለፍ ቃል ቻናሉን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ አይፈቅድም፤ ከበራም በኋላ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት አለበት። ስለዚህ የዝውውር ደብዳቤ እስኪመጣ አትጠብቁ።