የኮምፖዚት በረንዳ፦ ከሳንቃው በፊት ከሥሩ ያለውን እዩ

ከቤት ውጭ የሚነጠፍ የበረንዳ ወለልን በኮምፖዚት ሳንቃ ስለ መሥራት አድማጮች በስልክ ያነሷቸው ጥያቄዎችና የግንባታ ባለሙያው መልሶች እነሆ።

ጥያቄ፦ ኮምፖዚት የሚባለው እንጨት ነው ወይስ ፕላስቲክ?

ሁለቱም ነው። የእንጨት ዱቄት ከፕላስቲክ ጋር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፖሊኤቲሊን ጋር፣ በሙቀት ተዋህዶ በቅርጽ ማውጫ ተገፍቶ የወጣ ሳንቃ ነው። እንጨት ጨርሶ የሌለባቸው፣ ፒቪሲ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠሩ ሳንቃዎችም አሉ፤ እነርሱ ቀለል ይላሉ፣ ውሃም አይጠጡም፤ ነገር ግን ሲሞቁ ይበልጥ ይረዝማሉ። ሻጩ «ኮምፖዚት ነው» ስላላችሁ ብቻ አትርኩ፤ ከምን እንደተሠራ ጠይቁት።

ጥያቄ፦ የፕላስቲክ ሽፋን ያለውና የሌለው ዋጋቸው በጣም ይለያያል። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው?

ነው። ሽፋን የሌለው ሳንቃ ላይ የእንጨቱ ዱቄት ለፀሐይና ለዝናብ የተጋለጠ ነው። ዘይት ሲፈስበት ይመጠዋል፣ ቀለሙ ቶሎ ይነጣል፣ ጥላ በበዛበት ቦታ ሻጋታ ያወጣል። ናሙና ሲሰጣችሁ ፊቱን ብቻ አትዩ፤ ገልብጡትና የተቆረጠውን ጫፉን ተመልከቱ። ሽፋኑ እንደ ቀጭን ጠርዝ ዙሪያውን ከከበበው አራቱም ጎን ተሸፍኗል ማለት ነው። ከላይና ከሁለቱ ጎን ብቻ ከሆነ ደግሞ ሆዱ፣ ማለትም የታችኛው ፊቱ፣ ክፍት ነው። ክፍት ሆድ ያለው ሳንቃ ደረቅና አየር በሚገባበት ቦታ ይሠራል፤ ከመሬት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ያለ፣ እርጥበት የማያጣው በረንዳ ላይ ግን አላስነጥፈውም። ከሥሩ አየር ይለፍ! ይህን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ።

ጥያቄ፦ በየዓመቱ ቫርኒሽ መቀባት አለብኝ?

የለብዎትም።

ጥያቄ፦ ጥቁር ቡናማውን ወድጄዋለሁ፤ ልጆቼ ግን በባዶ እግር ነው የሚጫወቱት።

እንግዲያው ፈዘዝ ያለውን ይምረጡ። ጠቆር ያለ ሳንቃ ቀትር ላይ እግር የሚያቃጥል ሙቀት ይይዛል። ከሁለት ቀለም ናሙና ወስደው ፀሐይ ላይ ያስቀምጡ፤ ቀትር ላይ መዳፍዎን ቢያሳርፉባቸው መልሱን ራስዎ ያገኙታል። ሌላም ልጨምር፦ ሙቀት የሚመልስ ልባስ ያለው የመስኮት መስታወት ፀሐይን አንጸባርቆ አንድ ቦታ ላይ ካሳረፈ፣ ሳንቃውን እስከ ማጣመም ሊያግለው ይችላል። ከመግዛትዎ በፊት የመስኮቱ ነጸብራቅ የት እንደሚወድቅ ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ አሮጌ የእንጨት በረንዳ አለን። አናጢው «ሳንቃውን የተሸከሙት አግዳሚዎች ደህና ናቸው፤ ከግድግዳውም ጋር በሚስማር ተመትቷል፤ ላዩን ብቻ በኮምፖዚት እንቀይረው» አለን። ይበቃል?

አይበቃም፤ እባክዎ ሥራውን ዛሬውኑ ያስቁሙት። ይህ ልማድ ሰው ይገድላል። ሳንቃው ልብስ ነው፤ አጥንቱ ከሥር ነው። ሰዎች ለልብሱ ቀለም ሲመርጡ ይከርሙና አጥንቱን ሳያዩት ይሸፍኑታል።

በመጀመሪያ ሚስማሩን እንመልከት። በረንዳ ሲወድቅ መሃሉ ተሰብሮ ብቻ አይደለም፤ ከቤቱ ግድግዳ ጋር የታሰረው አግዳሚ ተነቅሎ የሚወድቀው ብዙ ነው። ሚስማር በጎን የሚመጣን ጫና ይችል ይሆናል፤ በራሱ አቅጣጫ ሲጎተት ግን በቀላሉ ይወጣል። ብዙ ሰው ቆሞ ሲወዛወዝ ደግሞ የሚሆነው ይኸው መጎተት ነው። ከእንዲህ ዓይነት አሮጌ አግዳሚ የተነቀለ ሚስማር በእጃችሁ ያዙት፤ ራሱ ደህና ይመስላል፣ ግድግዳው ውስጥ የነበረው ወገቡ ግን በዝገት ተበልቶ እንደ መርፌ ቀጥኗል። ከውጭ የሚታየው ራሱ ብቻ ነው።

ያ አግዳሚ በወፍራም ብሎን፣ በሮንዴላና በዳዶ መታሰር አለበት፤ የተለመደው የብሎን ውፍረት 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከበላዩም የግድግዳውን ውሃ ወደ ውጭ የሚመልስ ቆርቆሮ ይግባ፤ አለበለዚያ ውሃው ከኋላው ተኝቶ ግድግዳውንም አግዳሚውንም ያበሰብሳል። ግድግዳው ለማስዋብ ብቻ በተለጠፈ ጡብ የተሸፈነ ከሆነ፣ ጡቡ ላይ ምንም አይታሰርበት፤ በረንዳው በራሱ ምሰሶዎች ይቁም። ብረቱም ይመረጥ፦ እንዳይበሰብስ በመዳብ መድኃኒት የታከመ እንጨት ተራ ሚስማርን ቶሎ ይበላል፤ በዚንክ የተነከረ ወይም የማይዝግ ብረት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ርቀት ነው። ኮምፖዚት ሳንቃ ከለመድነው የጥድ ሳንቃ ይከብዳል፣ ግን ይበልጥ ይለመጣል። ስለዚህ አግዳሚዎቹ ከመሃል እስከ መሃል ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ እንዳይራራቁ በብዙ አምራቾች መመሪያ ተጽፏል፤ ሳንቃው በሰያፍ ከተነጠፈ ደግሞ 30 ገደማ። አሮጌው በረንዳችሁ 60 ከሆነ ወለሉ ከእግር በታች ይወርዳል፤ ዋስትናውም ይቀርባችኋል።

ሦስተኛው ብስባሴ ነው። ሳንቃው ሲነሳ አግዳሚዎቹን አንድ በአንድ፣ በተለይ አሮጌ ሚስማር የገባበትንና ግድግዳ የነካውን ቦታ፣ በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ወጋ ወጋ አድርጉ። ካቻቪቴው ያለ ትግል ከገባ ያ እንጨት አብቅቶለታል። ቀለም ቀብቶ ማለፍ አይሆንም።

አናጢው ክፉ አስቦ ነው አልልም፤ የለመደውን ነው የሚሠራው። ለእናንተ ግን የልደት ቀን ሃያ ሰው የምታቆሙበት ወለል ነው። መሐንዲስ አምጥታችሁ አስመርምሩ። ከዚያ በኋላ ስለ ቀለም እንነጋገራለን።

ጥያቄ፦ ቆሻሻ እንዳይገባ ሳንቃዎቹን አጣብቀን ብንገጥማቸውስ?

ያብጣሉ፣ ይገፋፋሉ፣ ይነሳሉ። 5 ሜትር የሚረዝም ሳንቃ በማለዳ ብርድና በቀትር ሙቀት መካከል ጥቂት ሚሊ ሜትር ሊረዝም ይችላል። በጎንና በጎን መካከል 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉ፤ የጫፍ ለጫፉን በሥራው ዕለት ባለው ሙቀት መጠን አምራቹ ይነግራችኋል። ክፍተቱ ለዝናቡ መውረጃ፣ ለሥሩም መተንፈሻ ነው።

ጥያቄ፦ የከሰል መጥበሻ ላዩ ላይ ማስቀመጥ እችላለሁ?

ወለሉ ላይ በቀጥታ አይሆንም። አንድ ፍም ከወደቀ ሽፋኑን ያቀልጠዋል፣ ጠባሳውም አይወጣም፤ ከባሰም ይቀጣጠላል። ከቻሉ መጥበሻውን ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ላይ ያድርጉት። ጎማ ምንጣፍም አታንጥፉ፤ ሳንቃውን የማይለቅ እድፍ ያሲዘዋል።

ጥያቄ፦ የተረፈውን ቁርጥራጭ ለማገዶ ብንጠቀምበትስ?

በፍጹም! ፒቪሲ ሲነድ ሳንባ የሚያቃጥል የአሲድ ጭስ ያወጣል፤ ሌላውም ፕላስቲክ ጭሱ ለጤና አይበጅም። ስትቆርጡም ሰጋቱራው ወደ አፍንጫችሁ እንዳይገባ ጭምብል አድርጉ።

ጥያቄ፦ ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቶበታል፤ በኃይለኛ የውሃ ግፊት ልጠበው?

በለስላሳ ብሩሽ፣ በሳሙናና በውሃ ይጀምሩ። ኃይለኛ ግፊት ሽፋኑን ይልጠዋል። ታጥቦ እንደገና ከወጣ ግን ችግሩ ላዩ ላይ ላይሆን ይችላል። ጎንበስ ብለው ከበረንዳው ሥር ይመልከቱ፦ ቅጠል ተከማችቷል? አፈሩ ሳንቃውን ሊነካ ደርሷል? አየር ካላለፈ ማጠብ ብቻ መፍትሔ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ከመሬት ሦስት ሜትር ከፍ ያለ በረንዳ ከወንድሜ ጋር ራሳችን ልንሠራ ነው። የትኛውን ሳንቃ ትመክሩናላችሁ?

ለዚህ ከፍታ የሳንቃ ምክር አልሰጥም። ምሰሶው፣ መሠረቱ፣ ከግድግዳው ጋር ያለው ማሰሪያና ሰው የሚደገፍበት የጠርዝ አጥር በስሌት የሚወሰኑ ናቸው። የመዋቅር መሐንዲስ ንድፉን ይሥራላችሁ፣ የምትኖሩበት አካባቢ የግንባታ ፈቃድ ሰጪም ይየው። ሳንቃውን ማንጠፍ እናንተው ትችላላችሁ።