ጊታሩን ይስቀል ብዬ ነበር

እሺ። መብራት አለ። ጋቢው በሩ ላይ ተሰቅሏል። የጎረቤት ዶሮም ለጊዜው ዝም ብሏል። እሱ ሐሳቡን ሳይቀይር ቶሎ ቶሎ ላውራ።

ዛሬ ስለ ዴፍቶንስ፣ ስለ ሜታል ባንዱ ነው የማወራው ብዬ ነበር። አላወራም። አልበሙ «ፕራይቬት ሚውዚክ» ይባላል፣ ነሐሴ ላይ ወጣ፣ ጥሩ ነው፣ ስሙት። በቃ። ጭንቅላቴ ሌላ ቦታ ነው ያለው። እሁድ ዕለት ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር የተፈጠረች ነገር አለች። እሷ ናት አልወጣ ያለችኝ። ሦስቱ አድማጮቼ፣ ዛሬ ታገሱኝ።

ጋሼን ታውቋቸዋላችሁ። አዎ፣ የባስ ጊታር ክሩ ጋሼ። አንዴ የሚጮህ ባንድ አሰምቻቸው «ኧረ ለዚህ ልጅ ውኃ ስጡት» ያሉት።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ። የእንግሊዙን ሜታል ባንድ የጁዳስ ፕሪስትን አልበም «ኢንቪንሲብል ሺልድ»ን ያነሣሁበትን ክፍል የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የማታስታውሱ እባካችሁ ሄዳችሁ አትፈልጉት። አልበሙ የወጣው በፈረንጆቹ ማርች 2024 ነው። የመጀመሪያ አልበማቸው 1974 ነው። ሃምሳ ዓመት! ዘፋኙ ሮብ ሃልፎርድ ያኔ 72 ዓመቱ ነበር። ጊታሪስቱ ግሌን ቲፕተን ፓርኪንሰን እንዳለበት በ2018 ተነገረ። ከዚያ ወዲህ ኮንሰርት ላይ ቦታውን የሚሸፍንለት አንዲ ስኒፕ ነው። ግሌን ራሱ አልፎ አልፎ መጨረሻ ላይ ይወጣና ጥቂት ዘፈን ተጫውቶ ይገባል።

እኔ ታዲያ ሦስት ዘፈን ብቻ ሰምቼ ማይክ ፊት ተቀመጥኩ። «ኳስ ተጫዋች ሲደክመው ጫማውን ይሰቅላል፣ እነዚህም ጊታራቸውን ይስቀሉ፣ ሽማግሌ ቤቱ ይቀመጥ» አልኩ። ከዚያ ሳቅሁ። ቃሉስ ይሁን። ሳቄን መልሼ ስሰማው ነው የሚያስጠላኝ። ቆርጬ ላወጣው ብዬ ነበር። ከዚያ ደግሞ… ተውኩት። ለምን እንደተውኩት አላውቅም። ስንፍናም ሊሆን ይችላል።

ከዚያ የኦዚ ኦስቦርን፣ የብላክ ሳባዙ ዘፋኝ ነገር መጣ። ጁላይ 5፣ 2025፣ በርሚንግሃም፣ ቪላ ፓርክ። የእኛ ባጃጅ ሾፌሮች ሜዳውን ከእኔ በላይ ያውቁታል፣ አስቶን ቪላ የሚጫወትበት ነው። ኦዚ ያደገውም እዚያው አስቶን ነው። ዙፋን ላይ ተቀምጦ ዘፈነ። እሱም ፓርኪንሰን ነበረበት። ድምፁ የሚሰበርበት ቦታ አለ፣ አይደበቅም። ከ17 ቀን በኋላ ሞተ፣ በ76 ዓመቱ።

ቁርጥራጩን በስልኬ እያየሁ ያ «ቤቱ ይቀመጥ» ያልኩት ጆሮዬ ላይ መጣ። ቤቱ ቢቀመጥስ ኖሮ? ምናልባት ትንሽ ይቆይ ነበር። ምናልባትም አይቆይም። ይህን የሚያውቅ ሐኪም ነው፣ እኔ አይደለሁም። ግን ያ ሁሉ ሕዝብ አብሮት እየዘፈነ ፊቱን አያችሁት? ቆይ፣ እሱን ልተወው፣ አለቅሳለሁ።

ብቻ ከዚያ በኋላ በዝናቡ ቤት ዘግቼ «ኢንቪንሲብል ሺልድ»ን ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ሰማሁት። ሳላቋርጥ። እና ተሳስቼ ነበር። ሙሉ በሙሉ አይደለም። ግጥሙ ላይ ያልኩትን አልመልስም። ያ ሁሉ ጋሻና እሳትና ነጎድጓድ ከዕድሜያቸው ጋር አይሄድም ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ። ግን «ፓኒክ አታክ» ያንን የሰማንያዎቹን ሲንተሳይዘር አስቀድማ ሁለቱ ጊታሮች ሲገቡ… ሰው ድካሙ በዚህ ከተሰማ እኔም ይድከመኝ። ግሌንም ዘፈኖቹን አብሮ ጽፏል። ያንን አልተናገርኩም። ስለማላውቅ አልነበረም። ቀልዱን ስለሚያበላሽብኝ ነበር።

ርዝመቱም ልክ ነው። ርዝመት ካነሣን፣ ሜታሊካ። «72 ሲዝንስ» በ2023 ሲወጣ 77 ደቂቃ! አሞራ ገደል ሄዳችሁ፣ ዓሣ መርጣችሁ፣ ተጠብሶ መጥቶ፣ በልታችሁ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ፣ የመጨረሻዋ ዘፈን ገና አላለቀችም። እሷ ብቻዋን 11 ደቂቃ ናት። ግማሹን ቢጥሉት ትልቅ አልበም ይወጣው ነበር። ሐሳቡን ግን እወደዋለሁ። 72 ወቅት ማለት የሰው የመጀመሪያ 18 ዓመቱ ነው። ቀሪውን ዕድሜውን በእነሱ ውስጥ ከተቀበለው ነገር ጋር ሲታገል ይኖራል ነው ነገሩ። በዓመት አራት ወቅት አስበው ነው። የእኛም ወግ ያለው ቆጠራ አራት ነው፣ መፀው፣ በጋ፣ ፀደይ፣ ክረምት። በእኛ ሰፈር ግን የማውቀው ሁለት ነው፣ አቧራና ጭቃ። ስለዚህ በ36 ወቅት ነው ያደግኩት።

ሊንኪን ፓርክ ደግሞ ግማሽ ሰዓት አለፍ ብሎ ጨርሶ ቤቱ ገባ። «ፍሮም ዚሮ»፣ 2024። ዘፋኛቸው ቼስተር ከሞተ ሰባት ዓመት አልፎ፣ በእሱ ቦታ ኤሚሊ አርምስትሮንግን ይዘው። በእሷ የተነሣ የተጣላነውን አልደግመውም፣ አሁንም ያላናገረኝ ሰው አለ። ልጅቷ ትችላለች። አልበሙ ነው የተጠነቀቀው። ሰው ቤት ሄዶ ሶፋ ጫፍ ላይ እንደሚቀመጥ እንግዳ።

እሺ፣ እሁድ።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ። ሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ያለችው የድንጋይ መቀመጫ። ጋሼ ኮታቸውን ለብሰዋል። ፊት ለፊታችን አንድ አባ ኮዳ ቆሟል፣ ጡረታ የወጣ ዳኛ ይመስላል። የእኔ ኢርፎን ገመድ ያለው ነው። አንዱን ጆሮ ለእሳቸው፣ አንዱን ለእኔ። ገመዱ አጭር ነውና ተጠጋጋን። ኮታቸው ቪክስ ቪክስ ይሸታል።

ከ«ኢንቪንሲብል ሺልድ» «ክራውን ኦፍ ሆርንስ»ን ነው የከፈትኩላቸው። ለስለስ ያለችዋን። በፈጣኗ ልጀምር አልደፈርኩም።

ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር። የባስ ሰው ናቸው፣ ጣታቸው ዝም አይልም። ሌባ ጣት፣ መሃል ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሃል ጣት። ከድራሙ ጋር እኩል። ሶሎው ሲመጣ ግራ እጃቸው ከፍ አለ። የሌለ የጊታር አንገት ያዘ። ሦስቱ ጣቶች ታጠፉ። የቀለበት ጣታቸው ግን አልታጠፈም። ቀጥ ብሎ ቀረ።

ቁርጥማት ነው። ባለፈው ዓመት ነግረውኛል። ነግረውኛል እኮ! ሻይ እየጠጣን «ይቺ ጣቴ ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ አለችኝ» ብለውኝ፣ እኔ «ጋሼ ዝንጅብል ይሞክሩ» ብዬ ወደ ወሬዬ ገባሁ። ዝንጅብል!

ዘፈኑ አለቀ። ኢርፎኑን አወጡ፣ በኮታቸው ጫፍ ጠርገው ሰጡኝ። «ጥሩ ነው» አሉ። «ሰውየው አይቸኩልም።»

እኔ ደስ አለኝና መለፍለፍ ጀመርኩ። ስለ ግሌን እጅ ነገርኳቸው። ስለ ሌላኛው ጊታሪስት፣ ስለ ሪቺ ፎክነር ነገርኳቸው። በ2021 አሜሪካ መድረክ ላይ እየተጫወተ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥሩ ተቀዶበት፣ ዘፈኑን ጨርሶ ነው ወደ ሆስፒታል የተወሰደው። ይኼን ሁሉ እንደ ጀግንነት ታሪክ ነው የማወራው። ያን ያህል ወር በፊት የሳቅኩባቸውን ሰዎች።

ጋሼ ሐይቁን እያዩ ነው። «ልጄ» አሉኝ። «በዚያ በምትለፈልፊበት ነገር ላይ፣ ሽማግሌ ጊታሩን ይስቀል ብለሻል አሉ።»

ማን ነገራቸው? የሚያስተምሩት ልጅ ይመስለኛል። አንተ ልጅ፣ እየሰማህ ከሆነ እንገናኛለን።

እኔ «ጋሼ፣ እኔ እኮ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ሰቅያታለሁ» አሉ።

በቃ። አንድ ቃል። ከዚያ ከመቀመጫው ተነሡ፣ ሱሪያቸውን አራገፉ፣ «በይ ቆሮሶ ዓሣ ስንት ገባ ዛሬ? እንሂድና እንጠይቅ» አሉ። ሄድን። ጠየቅን። ተወዷል። ተመለስን።

እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ እንደደገምኩት ልንገራችሁ? ሽንኩርት ስከትፍ «ሰቅያታለሁ»። ባጃጅ ውስጥ «ሰቅያታለሁ»። ፈገግ ብለው ነበር ወይ? ፀሐይዋ ከወዲያ ማዶ ወደ ተራራው እየወረደች ዓይኔ ውስጥ ነበረች፣ ፊታቸውን በደንብ አላየሁትም። የሆነ ሳቅ የመሰለ ነገር የሰማሁ ይመስለኛል። ግን ከቃሉ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከበፊት ከሆነ እየቀለዱብኝ ነው። ከኋላ ከሆነ… ሰው የሚያመውን ነገር ተናግሮም ይስቃል። እኔ ራሴ እንደዚያ ነኝ። ወይም አባ ኮዳው ነው መንቁሩን ያጋጨው። ይችላል፣ እንደዚያ ዓይነት ድምፅ አለው።

ደግሞ አስቡት፣ የጋሼ ጊታር ዱሮም ሚስማር ላይ ናት። እኔ ከማውቃቸው ጀምሮ። ሳሎናቸው ውስጥ፣ ካላንደሩ አጠገብ። ሲፈልጉ ያወርዷታል፣ ሲጨርሱ ይሰቅሏታል። ስለዚህ «ሰቅያታለሁ» ሲሉ «አንቺ ሳትነግሪኝ በፊትም ተሰቅላ ነው የምትውለው» ማለታቸው ሊሆን ይችላል። የእሳቸው ቀልድ እንደዚያ ነው፣ ደረቅ፣ ሦስት ቀን ቆይቶ የሚገባ። ሦስት ቀን ግን አለፈ።

ሌላው ደግሞ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ሲጫወቱ የሰማኋቸው መቼ ነው? ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ጥምቀት? አይደለም። ከዚያ በፊት ነው። ያቺ የብላክ ሳባዝ ቀን ናት።

ያቺን ቀን ነግሬያችኋለሁ መሰለኝ። በ1970 የወጣውን የመጀመሪያ አልበማቸውን የመጀመሪያ ዘፈን አሰማኋቸው። ዝናቡ፣ ደወሉ፣ ከዚያ ያቺ ሦስት ድምፅ ያላት ሪፍ፣ እየተደጋገመች የምትመጣዋ የጊታር ዜማ። ጋሼ ጊታሯን ከሚስማሩ አወረዱ፣ ፈልገው አገኟት፣ ተጫወቷት። «ይቺ አንቺሆዬ ውስጥ አለች» አሉኝ። ሳቅሁባቸው! ፈረንጆቹ በሪፏ ድምፆች መካከል ያለውን ርቀት የሰይጣን ድምፅ ብለው ሲፈሩት ኖረዋል፣ ሜታል ሁሉ ከእሱ ተነሣ ይላሉ። ቤት ሄጄ ቆጠርኩት። እውነት ነው። አንቺሆዬን ከሲ ብትጀምሩ፣ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። ከሲ እስከ ጂ ፍላት ያለው ራሱ ነው፣ ስድስት ግማሽ ድምፅ። እዚያ አገር የሚያስፈራው እዚህ አገር ሰርግ ላይ ይጨፈርበታል። የሳባዙ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ አንቺሆዬ ሰምቷል እያልኩ አይደለም፣ እንዳትጽፉልኝ። የእኛዎቹ ሮከሮች፣ ጃኖ ባንዶች፣ በ2012 «ኤርታሌ» የሚለውን አልበማቸውን ይዘው ሲመጡ «ሮክና የእኛ ቅኝት አይሄድም» ያሉትን ሰዎች ግን አስታወሰኝ። ሲሄድ የኖረ ነገር… ኧረ የት ነበርኩ?

ጣት። አዎ። ያን ቀን የአዮሚንም ጣት ነግሬያቸዋለሁ። የ17 ዓመት ልጅ ሆኖ ብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ሥራውን በሚለቅበት የመጨረሻ ቀን ማሽኑ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ወሰደው። እሱ ግራኝ ነው፣ የተቆረጠው ክሩን የሚጫንበት እጁ ነው። የላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቱ ቆብ ሠራለት፣ ቆዳ ለጠፈበት። ኋላም ክሩን አላልቶ ቃኘው፣ ለጣቱ እንዲቀለው። ያ ከባድ ድምፅ አንዱ ምንጩ ይኼ ነው። ጋሼ ያን ቀን ምንም አላሉም። «ምስኪን» ብቻ።

ትናንት ማታ ታዲያ ስልክ ደወለ። ጋሼ ናቸው። እሳቸው ማታ አይደውሉም። ደነገጥኩ።

«ያ ጣቱን የተቆረጠው ልጅ» አሉ። ልጅ የሚሉት ሰባ አምስትን ያለፈ ሰው ነው። «ክሩን ስንት ነበር ያወረደው ያልሽኝ?»

«አንድ ተኩል ድምፅ፣ ጋሼ። እስከ ሲ ሻርፕ።»

«ያኔውኑ?»

«አይ፣ ሦስተኛው አልበም ላይ ነው። 1971።»

«እ…» አሉ። ዝም። ከኋላቸው ቴሌቪዥን ይሰማል። «ይላላል እንግዲህ ክሩ።»

«ይላላል፣ ጋሼ።»

«ለጣት ይለሰልሳል።»

«አዎ…»

«በይ ደህና እደሪ።» ዘጉት።

አሁን ይኼ ምንድን ነው? ለሚያስተምሩት ልጅ ሊነግሩት ይሆናል። ልጁ ደግሞ እንደዚህ ዓይነት ጥያቄ ይወዳል። ወይም እንቅልፍ እንቢ ብሏቸው ነው። ይቅርታ ልላቸው አፌ ላይ ነበር እኮ፣ «ጋሼ፣ ያን ዕለት…» ልል ነበር፣ ስለ ሲ ሻርፕ አውርቼ ዘጋሁ። ዛሬ በቤታቸው በኩል አለፍኩ። በሩ ገርበብ ብሏል፣ ካላንደሩ ከውጭ ይታያል፣ ሚስማሩ ግን ከበሩ ጀርባ ነው። ገብቼ ማየት እችል ነበር። አልገባሁም። ባያት ምን ልል ነው? ባላያትስ?

ይኸው፣ ዶሮው ጀመረ። ቆይ በሩን ልዝጋ…